ሁሉም ነገር «ስትሮንግ» ሆነብን፦ የብርታትና የንቃት የእንግሊዝኛ ቃላትን ለሐዋሳ ልጆች እንዴት እናስተምር?

መምህርት_ዘሐዋሳ፦

ሰላም ለቤቱ። ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴልና ለአስጎብኚነት ሥራ የሚዘጋጁ ወጣቶችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት አንድ ነገር እረፍት ስለነሳኝ ነው። ልጆቻችን ጥንካሬን፣ ጉልበትን፣ ንቃትን መግለጽ በፈለጉ ቁጥር ከአፋቸው የሚወጣው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ስትሮንግ» እና «ፓወርፉል»። ዝናቡ ስትሮንግ፣ ገበያው ስትሮንግ፣ ሠራተኛው ስትሮንግ፣ ውሻው ፓወርፉል። ሰዋስዋቸው ደህና ነው፤ ንግግራቸው ግን የእንግዳውን ጆሮ ይጎረብጠዋል።

ሰበቡ ከአማርኛችን ይጀምራል ባይ ነኝ። «ኃይለኛ» የሚለውን ቃል ውሰዱት። ኃይለኛ ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ ኃይለኛ ጉንፋን፣ ኃይለኛ ውሻ፣ ኃይለኛ አለቃ እንላለን። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው። ዝናቡ «ሄቪ» ነው፣ ነፋሱ «ስትሮንግ»፣ ጉንፋኑ «ባድ»፣ ውሻው «ፊርስ»፣ አለቃው ደግሞ «ስትሪክት»፣ ቁጡ ከሆነም «ሾርት ቴምፐርድ»። «ማይ ቦስ ኢዝ ፓወርፉል» ያለ ልጅ አለቃዬ ትልቅ ሥልጣን አለው ማለቱ ነው እንጂ ይቆጣል ማለቱ አይደለም።

«ጠንካራ» ላይም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ተማሪ «ስትሮንግ ስቱደንት» ቢባል ትክክል ነው፤ ሥራውን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ የሆነ አመልካችም «ስትሮንግ ካንዲዴት» ይባላል። ጠንካራ ሠራተኛ ግን «ሃርድ ወርከር» ነው። «ስትሮንግ ወርከር» ሲባል ሰሚው ኩንታል የሚሸከም ጡንቻማ ሰው ነው የሚታየው። ሥጋ ሲሆን ደግሞ «ታፍ» ይባላል፣ ያ ደግሞ አይታኘክም ማለት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ እንግዳ ይዞ የሚሄድ አስጎብኚ ዛሬ ጠዋት የወጣውን ቆሮሶ ዓሣ ማሞገስ ከፈለገ «ፍሬሽ» እና «ፈርም» ይበል፤ ጣት ሲጫነው ተመልሶ ይነሳል፣ አይሟሽሽም ለማለት ነው። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ «ስትሮንግ ላንጉዌጅ» ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ትልቅ ቋንቋ ነው ለማለት ይጠቀምበታል፤ እነሱ ዘንድ ግን ስድብና ብልግና ያለበት ንግግር ማለት ነው።

በእጃችን ያለው ማስተማሪያ ቪገረስ፣ ሮበስት፣ ስተርዲ፣ ኢነርጄቲክ፣ ላይቭሊ፣ ስፕራይ እያለ በአንድ አምድ ደርድሮ «ተመሳሳይ ቃላት» ብሎ ያልፋል። ተመሳሳይ አይደሉም! እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጄ. አር. ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ነው ብሎ ጽፏል። ተማሪው ሃሊዴይም ይህንኑ በሻይና በመኪና አስረዳ፤ «ስትሮንግ ቲ» ይባላል፣ «ፓወርፉል ቲ» አይባልም፤ «ፓወርፉል ካር» ይባላል፣ «ስትሮንግ ካር» ግን ጆሮን ይይዛል። ስለዚህ ዝርዝር ማስሸምደድ ትቼ እያንዳንዱን ቃል ከሚውልበት ሥራ ጋር ማስተማር እፈልጋለሁ። እባካችሁ፣ በየሙያችሁ በትክክል የምትሰሙትን ቃል አካፍሉኝ። ከመዝገበ ቃላት የተቀዳ ሳይሆን ሥራ ላይ የሚነገረውን ነው የምፈልገው።

ቡና_ቀማሹ፦

መምህርት፣ በልቤ ያለውን ነው ያነሳሽው። እኔ ቡና ቅምሻ ላይ ነኝ። «ስትሮንግ ኮፊ» ማለት ለውሃው መጠን ቡናው የበዛበት ነው፤ እኛ ወፍራም የምንለው። ሲቀጥን «ዊክ» ነው። «ወፍራም»ን ቃል በቃል አዙረው «ቲክ ኮፊ» የሚሉ ልጆች ይገጥሙኛል፤ እንግዳው ገንፎ ይመስለዋል። አቆላሉ ከጠቆረ ደግሞ «ዳርክ ሮስት» ነው። የጠቆረ ሁሉ ስትሮንግ አይደለም፤ የጠቆረውንም ውሃ አብዝተሽ ብታቀጥኝው ዊክ ይሆናል።

ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ስንቆም ሌላ ቃል ይመጣል፣ «ቦዲ»። አፍ ውስጥ የሚሰማው ክብደት ነው፤ «ላይት»፣ «ሚዲየም»፣ «ፉል» ተብሎ ይለካል። ንቃትን የሚገልጹት ቃላት ግን የሚገቡት «አሲዲቲ»ው፣ ማለትም ደስ የሚል ኮምጠጥ ማለቱ ላይ ነው። ቡናውን በማንኪያ ጨልፈን በአንድ ትንፋሽ ሳብ ስናደርገው የታጠበ የሲዳማ ቡና ምላስ ጎንና ጎን ላይ እንደ ሎሚ ብልጭ ይላል። ያንን «ብራይት» ወይም «ላይቭሊ አሲዲቲ» ብለን እንጽፋለን። «ስትሮንግ አሲዲቲ» ብለሽ ብትጽፊ ገዥው ኮምጣጣ ነው፣ ሚዛኑን ስቷል ብሎ ይረዳዋል። አንድ ቃል የናሙናውን ዕጣ ይወስናል።

ላይቭሊን ካነሳሁ አይቀር፣ መጨረሻው «ሊ» ስለሆነ ብዙ ልጆች እንደ «ኩዊክሊ» ግሥ ላይ ሊጨምሩት ይሞክራሉ። «ሂ ዳንስስ ላይቭሊ» አይባልም። ላይቭሊ ቅጽል ነው፤ «ኤ ላይቭሊ ዳንስ» ነው የሚባለው።

አዋላጅ_ነርስ፦

የኔ እህት፣ ከማዋለጃ ክፍል ልንገርሽ። እኛ ጋ «ቪገረስ» የሚለው ቃል ለጌጥ አይደለም የሚጻፈው። ሕፃኑ እንደተወለደ ሦስት ነገር እናያለን፦ በደንብ መተንፈሱን ወይም ማልቀሱን፣ ጡንቻው ውጥር ብሎ እጅ እግሩን መሰብሰቡን፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ መሆኑን። ሦስቱ ከተሟሉ ልጁ ቪገረስ ነው፣ እናቱ ደረት ላይ ይደረጋል። እጅ እግሩ ዝልፍልፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረው ቪገረስ አይደለም፤ ያኔ ወሬ የለም፣ እጅ ነው የሚፈጥነው። ተለማማጅ ተማሪ ካርዱ ላይ «ስትሮንግ ቤቢ» ብላ ብትጽፍ ለተረካቢዋ ነርስ ምንም አልነገረቻትም።

መድኃኒት ላይ ደግሞ «ፖተንት» አለ። ሰው «ፖተንት» ሲባል የተሻለ የሚያድን ይመስለዋል። ፖተንት ማለት በትንሽ መጠን የሚሠራ ማለት ነው፤ ከፍተኛው ውጤቱ ከሌላው ይበልጣል ማለት ሌላ ነገር ነው፣ እሱ «ኤፊካሲ» ይባላል። ታካሚ ሲጠይቅሽ ግን «ስትሮንግ ፔይንኪለር» ብትዪ ይገባዋል፣ ትክክልም ነው።

ሌላ የማይረሳ፣ «ቪገረስ ኤክሰርሳይዝ»። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ቪገረስ የሆነውን ይመክራል። ልዩነቱን በጆሮ ማወቅ ይቻላል። መጠነኛው ላይ እያወራሽ ትሄጃለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል። ቪገረስ የሆነው ላይ ጥቂት ቃል ተናግረሽ ለትንፋሽ ታቆሚያለሽ። ከሐይቁ ዳር ወደ ታቦር ተራራ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ውጪ፤ ዳገቱ ላይ ቃሉ ራሱ ይገባቸዋል።

የፒያሳው_ልጅ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ አልስማማም። ልጆቹ ሥራ ነው የሚፈልጉት። «ስትሮንግ ሬይን» ቢል የማይገባው እንግዳ አለ? መግባባት ከተቻለ ይበቃል። አንዷን ቃል አጥብቀው ይያዙ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። ይህን ሁሉ ጫና ሲያዩ መናገሩን ራሱ ይፈሩታል።

መምህርት_ዘሐዋሳ፦

ወንድሜ፣ ስለ ፍርሃቱ ያልከው እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ክፍል ውስጥ ልጅ እየተናገረ የማላቋርጠው። ነገር ግን «ይበቃል» የሚለው ላይ አልስማማም። የሚበቃው ለማን ነው? «ስትሮንግ» ብቻ የያዘ ልጅ ሳህን ያነሳል። ቡናውን፣ ሐይቁን፣ ገበያውን በየስማቸው መግለጽ የሚችለው እንግዳ ፊት ይቆማል፣ ደመወዙም ይለያል። ልጆቻችን አስተዋዮች ናቸው፤ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢያወሩህ ቀኑን ሙሉ ታዳምጣቸዋለህ። እንግሊዝኛቸው ያንን አስተዋይነት ሲደብቅባቸው ማየት ያመኛል። ሃምሳ ቃል አልጠየቅሁም። አሥር ቃል፣ ግን እያንዳንዱ ከነባልደረባው።

ፊዚክስ_ከአዳማ፦

ከአዳማ ሰላም። የናንተ ከተማ ክር ቢሆንም መግባት አለብኝ፣ ምክንያቱም እኔም ክፍል የምታገለው ከዚሁ ነው። አማርኛችን «ኃይል» በሚለው ቃል ብዙ ነገር ያሸክማል። የፀሐይ ኃይል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የስበት ኃይል፣ የጦር ኃይል። የፊዚክሱ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ አይደባልቅም።

ከከተማችን አናት ላይ የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች አሳይቼ ነው የማስተምረው። ነፋሱ ክንፉን የሚገፋበት «ፎርስ» ነው፣ በኒውተን ይለካል። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ሲባል «ፓወር» ነው፤ በየሰከንዱ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ቀኑን ሙሉ አመንጭቶ የላከው፣ እኛም ቆጣሪ ላይ በኪሎዋት ሰዓት የምንከፍልበት «ኢነርጂ» ነው። ማማው በዚያ ሁሉ ግፊት ሳይጎብጥና ሳይሰበር የሚቆምበት ደግሞ «ስትሬንግዝ» ነው። አራቱም አንድ ማማ ላይ አሉ። ተማሪ ቀና ብሎ አንዴ ካየ አይደባልቃቸውም።

መምህርት፣ ላንቺ የሚጠቅምሽ ይህ ልዩነት ሰው ላይም መከተሉ ነው። «ሺ ሃዝ ኢነርጂ» ስትዪ ሲመሽም ደከመኝ የማትል ሴት ናት። «ሺ ሃዝ ፓወር» ስትዪ የምታዝዝ፣ የምትወስን ናት። «ሺ ሃዝ ስትሬንግዝ» ስትዪ መከራ ቢመጣባት የማትሰበር ናት። ሦስቱንም አማርኛ «ብርቱ ሴት» ሊላቸው ይችላል። «ኢነርጂ» ከግሪክ የመጣ የቆየ ቃል ነው፤ ለፊዚክስ በዛሬው አግባብ የተጠቀመበት ቶማስ ያንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተማቸው ትምህርቶቹ። ሰው ላይ ሲነገር የኖረው ከዚያ በፊት ነው።

አንድ የድምፅ ነገር ልጨምር። «ስትሬንግዝ» በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው። እኛ መሐል መሐሉ ላይ «እ» እያስገባን «እስትሬንግዝ» ብለን ሦስት እናደርገዋለን። ፊት ላይ ያለውን «እ» ማስቀረት ብቻ እንኳ ትልቅ ለውጥ ነው።

ዘር_አባዥ፦

እግረ መንገዴን ነበር የማነበው፣ «ቪገር» ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እርሻ ላይ ነው የምሠራው። ለኛ ቪገር የዕለት እንጀራ ነው።

ዘር ስንመረምር ሁለት ነገር እንለያለን። «ቫያቢሊቲ» ዘሩ ነፍስ አለው ወይ የሚለው ነው። «ቪገር» ደግሞ መሬቱ ቢቀዘቅዝ፣ አፈሩ ቢደርቅ፣ ዝናቡ ቢያጥር እንኳ ቶሎና እኩል ይበቅላል ወይ የሚለው። ሁለት ከረጢት በቆሎ እርጥብ ጨርቅ ላይ እኩል ሊበቅሉልሽ ይችላሉ። ማሳ ላይ ስትዘሪያቸው ግን አንዱ በሳምንቱ ወጥ ሆኖ አረንጓዴ መስመር ይሠራል፤ ሌላው እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ፣ መሐሉ ገላጣ ሆኖ፣ ዘግይቶ የወጣው በቀደመው ጥላ ሥር ቀጭጮ ይቀራል። ሁለቱም ሕያው ናቸው፣ ቪገር ያለው አንዱ ነው።

«ሃይብሪድ ቪገር» የሚባለውም አለ። ሁለት የተለያዩ የበቆሎ ዘሮች ተዳቅለው የሚወለደው ከሁለቱም ወላጆቹ ቁመቱም ምርቱም ይበልጣል። ታዲያ ይህ ብርታት የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው የሚጎላው። ከዚያው ማሳ ዘር አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራ ገበሬ ምርቱ የሚወርድበት ለዚህ ነው፤ መሬቱ ስለከፋ ወይም እሱ ስለሰነፈ አይደለም። ገበሬ አባቶቻችን ይህን በግልጽ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል፣ ሳይነገራቸው ግን ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

«ሃርዲ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለእንሰት አስተምሪልኝ። ቪገረስ ተክል በፍጥነትና በጉልበት የሚያድግ ነው። ሃርዲ ተክል ክፉ ቀንን የሚችል ነው። እንሰት ዝናብ ሲጠፋ፣ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። አስጎብኚው ለእንግዳው «ስትሮንግ ፕላንት» ከሚል «ሃርዲ» ቢል የሲዳማን አርሶ አደር ሕይወት ግማሹን ነገረው።

አጻጻፉንም ልብ በሉ። በእንግሊዞቹ ቪገር «ኦ» እና «ዩ» አለው፣ አሜሪካኖቹ «ዩ»ውን ይጥሉታል። «ቪገረስ» ሲሆን ግን ሁለቱም ጋ «ዩ» የሚመጣው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚስተው ይሄን ነው።

የማለዳ_ሯጭ፦

በስፖርቱ በኩል እኔ ልሙላ። አሠልጣኞች «ስትሬንግዝ»፣ «ፓወር»፣ «ስታሚና» የሚሉትን ሲለዩ አይቀልዱም። ስትሬንግዝ ክብደት ማንሳት ነው። ፓወር ያንኑ ጉልበት በፍጥነት ማውጣት ነው፤ ዝላይ፣ ውርወራ፣ የአጭር ርቀት ሩጫ አነሳስ። ስታሚና ሳይደክሙ መቆየት ነው፤ «ኢንዱራንስ»ም ይሉታል። ክብደት አንሺ ስትሬንግዝ አለው ተብሎ ማራቶን አይጨርስም።

የኛ አትሌቶች ሲሮጡ በእንግሊዝኛ የሚዘግቡትን ጋዜጠኞች አዳምጡ። መሐል ላይ ፍጥነት ሲጨመር «ሰርጅ» ይላሉ። የመጨረሻው ዙር ላይ የሚመጣው ፍንጠራ «ኪክ» ነው። እ.ኤ.አ. 2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። 25 ዙር የወሰደው ስታሚና ነው፤ ያቺን ሽርፍራፊ ሰከንድ የሰጠው ኪክ ነው። ያንን ሩጫ ለልጆቹ ክፍል ውስጥ አሳያቸው ብዬ መምህራንን ሁሌም እመክራለሁ፤ ሁለቱን ቃል በአንድ ጊዜ ያዩታል።

«ስታሚና» ነጠላና ብዙ የለውም፣ «ኤ ስታሚና» ወይም «ስታሚናስ» እንዳትሉ። ሥሩ የላቲን «ክር» ነው ይባላል፣ የሰውን ዕድሜ ከሚፈትሉት አማልክት ክር ጋር የተያያዘ። ረጅም ርቀት ለሮጠ ሰው ይህ ይገባዋል።

ስፌት_ጥራት፦

ባጭሩ፣ ከጨርቅ በኩል። ልብስ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ላይ ነኝ። ገዥዎች የሚልኩት ወረቀት ላይ «ሲም ስትሬንግዝ» አለ፤ ስፌቱ ስንት ቢሳብ ይለቃል የሚለው ነው። «ቴር ስትሬንግዝ» ደግሞ ጨርቁ ከተቀደደ በኋላ ቅዳዱ እየሰፋ እንዳይሄድ የሚቋቋምበት ነው። ደንበኛ ፊት ግን «ስትሮንግ ክሎዝስ» አንልም። ልብሱ ብዙ ጊዜ የሚለበስ ከሆነ «ዱረብል» ወይም «ሃርድ ዌሪንግ»፣ ቦርሳና ጫማ ከሆነ «ስተርዲ» ነው። ስተርዲ ለወንበር፣ ለጠረጴዛ፣ ለመሰላልም ይሆናል፤ ብትቀመጥበት አይከዳህም ማለት ነው።

እትዬ_ሻሾ፦

ልጆቼ፣ አምላክ ይባርካችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እኔ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ግን እስካሁን ማለዳ ተነስተው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። እንግዶቼ ሲያዩአቸው «ስፕራይ» ይሏቸዋል። ሙገሳ ነው አይደል? አንዷ ልጄ ደግሞ ቀጭን ናት፣ ነገር ግን ማንም አይረግጣትም፤ እሷን «ፌይስቲ» አሏት። እሱስ?

መምህርት_ዘሐዋሳ፦

እትዬ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። «ስፕራይ»፣ «ስፕራይትሊ»ም እንዲሁ፣ በአብዛኛው ለአዛውንት ነው የሚነገረው። ዕድሜያቸው ቢገፋም ቀልጠፍ፣ ነቃ ያሉ ናቸው ማለት ነው። በፍቅር ነው ያሉት፣ ይቀበሉት። የሃያ ዓመት ልጅ ግን ስፕራይ ነህ ቢባል ግራ ይገባዋል፤ ለወጣት «ኢነርጄቲክ» ወይም «አትሌቲክ» ነው። ለአባትዎ «ሄል ኤንድ ሃርቲ»ም ይባላል፣ ጤነኛና ጠንካራ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት አብረው ነው የሚሄዱት፣ አይነጣጠሉም።

«ፌይስቲ» ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ «ሚጥሚጣ ናት» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ከአካሏ የበለጠ ወኔ ያላት፣ መልስ የማታጣ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው። ሆኖም ለሴት፣ ለሽማግሌ፣ አጭር ለሆነ ሰው ነው የሚውለው፤ ለግዙፍ ወንድ ማንም አይለውም። ስለዚህ «ከአንቺ አልጠበቅንም ነበር» የሚል ነገር ከሥሩ አለበት፣ አንዳንድ ሴቶች አይወዱትም። ልጅዎን እኔ ብገልጻት «ስፒሪትድ» እላለሁ። ወኔዋን ይዟል፣ ቁመቷን አይነካም።

ለልጆችና ለቦታ ሲሆን «ላይቭሊ» ደግ ቃል ነው። ላይቭሊ ልጅ፣ ላይቭሊ ገበያ፣ ላይቭሊ ክርክር። «ቫይብራንት» ደግሞ ለከተማ፣ ለቀለም፣ ለባህል። የፍቼ ጨምበላላን በዓል ለእንግዳ ስታስተዋውቁ ላይቭሊም ቫይብራንትም ይሆናል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል «ስትሮንግ ሆሊዴይ» ሊባል አይገባውም።

ተስፈኛ_22፦

መምህርት፣ ሰላም ለርስዎ ይሁን። ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ የማመልከቻ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። «አይ አም ኤ ፓወርፉል፣ ዳይናሚክ ኤንድ ስትሮንግ ሌዲ» ብዬ ነው የጀመርኩት። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ መላክ ፈራሁ። እንዴት ላስተካክለው?

መምህርት_ዘሐዋሳ፦

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጠየቅሽ። «ፓወርፉል» ይውጣ፤ ሥልጣን አለኝ ማለት ነው የሚሆነው። «ስትሮንግ ሌዲ»ም ይውጣ፣ የሚፈልጉት ሻንጣ ተሸካሚ አይደለም። «ዳይናሚክ» ስህተት አይደለም፣ ግን ሁሉም አመልካች ስለሚጽፈው አንባቢው ዘልሎት ያልፋል። በምትኩ «ሃርድወርኪንግ» በይ፣ ከጎኑም የሠራሽውን አስቀምጪ። ለምሳሌ ሠርግ ሲበዛ፣ አዳራሹ ሲሞላ ሳትቆጪ እንግዳ ማስተናገድ እንደምትችዪ፦ «አይ ስቴይ ካልም ኤንድ ፍሬንድሊ ኦን ቢዚ ዴይስ»። ይህን የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ ጉልበትሽን ያየዋል፣ ጉልበት የሚል ቃል ሳትጽፊ።

«ስትሮንግ»ን ጨርሰሽ አትጣዪው። «አይ ሃቭ ስትሮንግ ኮሙኒኬሽን ስኪልስ» ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ችሎታ ስትሮንግ ይባላል። ለችሎታሽ ተዪው፣ ከራስሽ ላይ ግን አንሺው፣ በቃ። ቋንቋም የምታውቂውን ሁሉ ጻፊ፤ ሲዳምኛሽን እንዳትረሺ፣ እዚህ ከተማ ትልቅ ሀብት ነው።

የፒያሳው_ልጅ፦

ስለ ደብዳቤው ያልሽው ገብቶኛል መምህርት፣ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ታዲያ አንድ ቃል ቀረችኝ። «በርታ» በእንግሊዝኛ ምንድነው? ሁላችንም ቀኑን ሙሉ የምንለው ነገር ነው። ልጆቹ «ቢ ስትሮንግ» ይላሉ፣ ለፈተናም፣ ለሥራም፣ ለሐዘንም።

የማለዳ_ሯጭ፦

ሩጫ ላይ ከመንገድ ዳር «ኪፕ ጎዊንግ!» ወይም «ካም ኦን!» ነው የሚጮኸው። «ቢ ስትሮንግ» የሚል ተመልካች ሰምቼ አላውቅም።

መምህርት_ዘሐዋሳ፦

እውነት ነው፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ፈተና ሊገባ ላለ ልጅ «ጉድ ላክ» ወይም «ዩ ካን ዱ ኢት»። ጥሩ ለሠራ «ኪፕ አፕ ዘ ጉድ ወርክ»። ነገር ከብዶበት ሊተው ለተቃረበ «ሃንግ ኢን ዜር»። ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን አልፈን ስንሄድ «በርቱ» የምንላቸው ግን እነሱ ዘንድ የለም፤ ሰላም ብሎ ማለፍ ነው። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ያንን በአማርኛ በሉት፣ ትርጉሙንም ለእንግዳው ንገሩት እላቸዋለሁ። ሐይቁ ዳር መረብ የሚጠግኑትን ዓሣ አስጋሪዎች «በርቱ» ብሎ የሚያልፍ ፈረንጅ አይቻለሁ። እንዴት እንደሳቁለት፣ እንዴት ደስ እንዳላቸው!

አዋላጅ_ነርስ፦

የሐዘኑን እኔ ልመልስ። ሰው ሞቶበት ለተቀመጠ እንግዳ በመጀመሪያው ሰዓት «ቢ ስትሮንግ» አትበሉ። ስህተት ሆኖ አይደለም፣ እነሱም አንዳንዴ ይሉታል፤ ብዙዎቹ ግን አታልቅስ እንደተባሉ ይሰማቸዋል። «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ብላችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ውሃ አቅርቡ። ስልክ መደወል ከፈለጉ አግዟቸው።